የመሬት አልትራሳውንድ
(በባቻችን 20ኛ ዓመት የምረቃ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ሕክምና ብቻ እንዳታወሪ» ስላሉኝ ስለ መሬት ላወራ ነው። ነገሩ የጀመረው ግን ዋርድ ውስጥ ነው።

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት አዲስ አበባ ተረኛ ነበርኩ። ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የመጣው መንቀጥቀጥ የግሉኮስ መስቀያውን ሁሉ አወዛወዘው። አንዲት እናት እጄን ይዘው «ልጄ፣ ይደገም ይሆን?» አሉኝ። «አይዞዎት፣ አይደገምም» አልኳቸው። ጥርም የካቲትም ግን ተደገመ። ምርመራ ሳላይ ፕሮግኖሲስ ሰጥቼ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጂኦፊዚክስ የተማረ ዘመዴን በጥያቄ አስቸገርኩት። የነገረኝን ለእናንተ ማስረዳት ቀላል ነው። እኛ ለእንቅርት ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ያለውን ፕሮብ፣ ለጉበት ዝቅተኛውን እናነሣ የለም? እነሱም እንደዚያው ናቸው። መሬት ሲንቀጠቀጥ የምድርን ገጽ ተከትለው በሰከንድ 3 እና 4 ኪሎ ሜትር የሚጓዙ የገጽ ሞገዶች አሉ። በ10 ሰከንድ አንዴ የሚወዛወዘው ሞገድ ላይ ላዩን፣ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለውን ያሳያል። በ100 ሰከንድ አንዴ የሚወዛወዘው ደግሞ ቅርፊቱን አልፎ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በታች ያለውን የላይኛውን ማንትል ይነካል። ፍጥነቱ ከቀነሰ እዚያ ያለው ዓለት የጋለ ወይም በከፊል የቀለጠ ሊሆን ይችላል። ትልቅ መንቀጥቀጥ መጠበቅም የግድ አይደለም፤ የውቅያኖስ ማዕበል ምድርን ቀን ከሌት ስለሚያንቀጠቅጣት ያም ይበቃል።

የእኛ አገር «ውጤት» ምን ይላል? በስምጥ ሸለቆው ግራና ቀኝ ባሉት ደጋዎች ቅርፊቱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወፍራል፤ ሰሜን አፋር ሲደርስ ወደ 16 ይሳሳል። ከስምጥ ሸለቆውና ከአፋር ሥር ሞገዱ በጣም ይዘገያል። ሥሩ ግሏል፣ መሬቱም እየተለጠጠ ነው ማለት ነው። እንግዲህ በሽታው ሥር የሰደደ ነው፤ አንድ ሌሊት ታይቶ የሚጠፋ አይደለም።

ይሄ ምርመራ ቀኑን አይነግረንም። መዘጋጀት እንዳለብን ግን በግልጽ ይነግረናል። ስለዚህ ሰኞ ሥራ ስትገቡ ሦስት ነገር እዩልኝ፦ የኦክስጅን ሲሊንደሩ ታስሯል ወይ? የመድኃኒት መደርደሪያው ከግድግዳው ጋር ተያይዟል ወይ? የድንገተኛ መውጫው ቁልፍ ማን ጋ ነው?

እኒያን እናት ዛሬ ባገኛቸው «ሊደገም ይችላል እማማ፣ እኛ ግን ተዘጋጅተናል» ብላቸው ደስ ይለኛል። ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር እውነት እንዲሆን እርዱኝ።