ድምጽ ይቅደም፦ ያዋጣነውን ብር ለየትኛው ማይክ እናውጣው?

(ለቪዲዮ ቡድናችን አባላት የተደረገ ንግግር ነው። በአካል ላልተገኛችሁ እንዲደርስ በጽሁፍ አቅርበነዋል።)



ዛሬ የማወራው ስለ ማይክ ነው። "ማይክ ደግሞ ስብሰባ ያስጠራል እንዴ?" የሚል አይጠፋም። ያስጠራል። የአባቶቻችንንና የእናቶቻችንን ቃል በቪዲዮ እናስቀር ብለን ተነስተናል፣ ብርም አዋጥተናል። ካዋጣነው ውስጥ አብዛኛው እንደኔ ዲግሪውን ሳጥን ውስጥ አስቀምጦ ስራ የሚፈልግ ነው። ከትራንስፖርቱ ቀንሶ የሰጠም አለ። ይሄ ብር አንዴ ከወጣ ተመልሶ አይመጣም። የሽማግሌ ቃልም እንደዚያው ነው፤ ዛሬ የነገሩንን ከዓመት በኋላ ላናገኛቸው እንችላለን። ስለዚህ "የትኛው ማይክ ስም አለው?" ከማለታችን በፊት "የትኛው ቃላቸውን አያጠፋብንም?" ብለን እንጠይቅ።

በመጀመሪያ፣ ማይክ ለምን አስፈለገ? ስልካችን የራሱ ማይክ አለው እኮ! ችግሩ ርቀት ነው። ቪዲዮ ስንቀርጽ ስልኩን 2 ሜትር ያህል አርቀን እናቆማለን። ልብስ ላይ የሚሰካው ማይክ ግን ከአፍ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው፤ አስር እጥፍ ይቀርባል። ድምጽ ሲርቅ እየተበተነ ስለሚሄድ፣ ሜዳ ላይ ከሆነ አስር እጥፍ የራቀው ማይክ የሚያገኘው የድምጽ ኃይል ከመቶ አንድ ነው። የባጃጁ ጩኸት፣ የጄኔሬተሩ ጉርምርምታ፣ የጎረቤት ራዲዮ ግን ስልኩ ጋ እንዳለ ይደርሳል። ምስሉ ትንሽ ቢደበዝዝ ሰው ታግሶ ያያል፤ ድምጹ ካልተሰማ ወዲያው አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ ርካሽም ይሁን ውድ፣ ዋናው የማይክ ጥቅም መቅረቡ ነው። ይሄን ከያዛችሁ ግማሹ ማስታወቂያ አያታልላችሁም።

እሺ፣ ማስታወቂያው ምን ይላል? "300 ሜትር ይደርሳል፣ 400 ሜትር ይደርሳል" ይላል። ሆላይላንድ ላርክ ኤም 2 300 ሜትር፣ ዲጄአይ ማይክ ሚኒ 400 ሜትር ተብሎ ነው የሚሸጠው። ቁጥሩ ምንም ነገር በማይጋርደው ገላጣ ቦታ የተለካ ነው። አብዛኞቹ እነዚህ ማይኮች የሚሰሩት በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው፤ ዋይፋይና ብሉቱዝ የሚጋፉበት መንገድ ማለት ነው። በዚያ ላይ የሰው ገላ ውሃ ስለሚበዛው ይሄን ሞገድ ያፍነዋል። ተናጋሪው ጀርባውን ከሰጠ ወይ ስልክ የበዛበት ጉባኤ መሃል ከሆንን፣ ያ ሁሉ ሜትር ይቀንሳል። ደግሞስ እኛ አንድን አባት በረንዳቸው ላይ አስቀምጠን የምንጠይቅ ሰዎች 400 ሜትር ምን ያደርግልናል?

ሁለተኛው ማስታወቂያ "ጩኸት ያጠፋል" የሚለው ነው። እዚህ ላይ በደንብ ስሙኝ። ማጥፊያው ሲበዛ ጩኸቱን ከንግግሩ ጋር ይበላዋል፤ ድምጹ ጣሳ ውስጥ የገባ ይመስላል። ለእኛ ቋንቋ ደግሞ ጉዳቱ የባሰ ነው። "አለ" የሚለውን ቃል ውሰዱ። ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። "ገና"ም እንዲሁ፣ ሲላላ ጊዜው አልደረሰም፣ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። ፊደላችን ሁለቱንም አንድ አድርጎ ነው የሚጽፈው፤ የሚለያቸው ጆሮ ነው። ድምጹ ከተበላሸ በኋላ "ብቻ በጽሁፍ ይቀመጣል" ማለት ሁሌ አያዋጣም። ስለዚህ ማጥፊያውን ዝጉት ወይ ዝቅ አድርጉት፤ ጸጥ ያለ ቦታ መፈለግ ይሻላል።

ታዲያ ምን እንፈልግ? ሦስት ነገር።

አንደኛ፣ ከስልካችን ጋር ይግባባ። የአይፎን ተጠቃሚዎች ልብ በሉ፣ እስከ 14 ድረስ ያለው መሰኪያ ላይትኒንግ ነው፤ በ2023 ከወጣው 15 ጀምሮ ታይፕ ሲ ነው። በአንዳንድ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ኦቲጂ የሚባለውን ማብራት ያስፈልጋል። የስልኩ ካሜራ የውጭ ማይክ አልቀበልም ካለ፣ ኦፕን ካሜራ የሚባለውን ነጻ አፕ ሞክሩ። በክብ መሰኪያ የሚገባ ከሆነ ደግሞ ጫፉን እዩት፤ ለስልክ የሚሆነው ሦስት ጥቁር ቀለበት አለው፣ ለካሜራ የሚሆነው ሁለት።

ሁለተኛ፣ ሁለት ማይክ ይኑረው። ጠያቂውም ተጠያቂውም መሰማት አለበት።

ሦስተኛውና ትልቁ መጠባበቂያ ቅጂ ነው። ገመድ አልባ ነገር ሁሉ አንድ ቀን ይቆረጣል። እንደ ሮድ ዋየርለስ ጎ 2 እና ዲጄአይ ማይክ 2 ያሉት፣ ወደ ስልኩ የሚልኩት ቢቆረጥ እንኳ ማይኩ ራሱ ውስጥ ድምጹን ይቀዳሉ። ዲጄአይ ማይክ 2 እስከ 14 ሰዓት ያህል ይይዛል። ላርክ ኤም 2 እና ማይክ ሚኒ ጥሩ ቢሆኑም ይሄ የላቸውም። ርካሾቹ ኬ 8 እና ኬ 9 የሚባሉትም የላቸውም።

"የምታወራው ስለ ውድ እቃ ነው፣ እኛ ከየት እናመጣለን?" ትሉኛላችሁ። መልሱ ኪሳችሁ ውስጥ ነው። ሁለተኛ ስልክ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ፣ ድምጽ መቅጃውን ክፈቱ፣ ከአባባ አጠገብ አስቀምጡት። ሲጀመር አንዴ፣ ሲያልቅ አንዴ አጨብጭቡ። ኤዲት የሚያደርገው ልጅ በጭብጨባው ድምጹንና ምስሉን ያገጣጥማል። ይሄ መጠባበቂያ አምስት ሳንቲም አያስወጣም።

ገመድ ያለውንም አትናቁት። ቦያ ኤም 1 የሚባለው 6 ሜትር ገመድ አለው፤ ለተቀመጠ ሰው ከበቂ በላይ ነው። ቻርጅ አይፈልግም፣ ዋይፋይ አይጋፋውም። መብራት በሚጠፋበት አካባቢ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ተናጋሪው እየተራመደ ቦታ የሚያሳየን ከሆነ ግን ገመድ አልባው ግድ ይላል።

መርካቶም ሆነ ሌላ ቦታ ስትገዙ የራሳችሁን ስልክና ኢርፎን ይዛችሁ ሂዱ። ባለሱቁ ሳይከፍትላችሁ አትክፈሉ። ማይኩን ሰክታችሁ ቅዱ፤ ጀርባችሁን አዙራችሁ አስር እርምጃ ሄዳችሁ አውሩ፤ ተመልሳችሁ በኢርፎን አዳምጡ። ማይኩን በጥፍራችሁ ነካ ስታደርጉት ቀረጻው ላይ ጎልቶ ካልተሰማ እየቀዳ ያለው የስልኩ ማይክ ነው። ስመ ጥር ነው ተብሎ የሚሸጥ ከሆነ ከድርጅቱ አፕ ጋር አገናኙት፤ ካልተገናኘ አስመስሎ የተሰራ መሆኑን ጠርጥሩ።

በቀረጻው ቀንም ነገር አለ። ማይኩን ነጠላ ወይ ጋቢ ላይ አትስኩ፤ ጨርቁ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይፋተጋል። ሸሚዝ ወይ ኮት ላይ፣ ከአገጭ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጉ። ማተብና ሰንሰለት እንዳይነካው እዩ። ንፋስ ካለ ጸጉራሙን መሸፈኛ አልብሱት። እማማ ከሆኑ ደግሞ ማይኩን በእጃቸው ስጧቸው፤ ራሳቸው ወይ ልጃቸው ይሰካላቸው። ሰላሳ ሰከንድ ቀድታችሁ ሳታዳምጡ ዋናውን አትጀምሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ይሄ ማይክ ጓዳ ውስጥ የሚንሾካሾኩትንም ይሰማል። "አባባ፣ አሁን እየቀዳ ነው፣ ይፍቀዱልን" በሉ። ሲያበቃ መዝጋታችሁን አሳይዋቸው። "ይሄን አታውጡት" ካሉ አይወጣም። አምነው የነገሩን ሰዎች በእኛ መሳሪያ ማፈር የለባቸውም።

እንግዲህ የኔ ሃሳብ ይሄ ነው። ብሩ ከበቃ፣ ራሱ የሚቀዳውን ባለ ሁለት ማይክ አንድ ስብስብ እንግዛ። ካልበቃ ሌላ መዋጮ ብለን ወር አንጠብቅ። አንድ ባለ ገመድ፣ አንድ ርካሽ ገመድ አልባ፣ ከሁለተኛ ስልክ ጋር ይዘን ሥራውን በዚህ ሳምንት እንጀምር። የሚሻለው ማይክ ቀስ ብሎ ይገዛል። የሚጠብቁን ሰዎች ግን ዕድሜያቸው ሄዷል።

ከዚህ የተሻለ ሃሳብ ያለው ኮመንት ላይ ያስቀምጥ፣ ለሚቀርጽ ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት።