ተራራው ላይ የቀሩት አርባ ስምንት ሰዎች
(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ በጅቡቲ ከተማ የቀረበ ንግግር)







የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ «እያንዳንዱ ሰው ከመጣበት አካባቢ አንድ ታሪክ ይዞ ይምጣ» ብሎ በወሰነው መሠረት፣ እኔም ያደግሁበትን የወላይታን ምድር ታሪክ ይዤ ቀርቤአለሁ። ልናገር የመረጥሁት በዳሞታ ተራራ ዙሪያና ከዚያም ወዲያ በጋሞ ደጋማ አገር ስለተስፋፉት የገጠር የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ነው።

በዚህ አዳራሽ ውስጥ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን አሉ፣ ሙስሊሞች አሉ፣ ካቶሊኮች አሉ፣ ጴንጤዎችም አለን። ስለዚህ አስቀድሜ ላሳውቅ፦ ስብከት ልሰብክ አልተነሣሁም። ክርስትናም ወደ ወላይታ የገባው በፈረንጅ ሚስዮናውያን ብቻ ነው የሚል የለም። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገድል ከዳሞቱ ንጉሥ ከሞቶሎሚ ጋር ያገናኘናል፤ የወላይታ ሰውም ይህን ታሪክ የራሱ አድርጎ ሲያወራው ኖሯል። እኔ የምናገረው ከዚያ በጣም በኋላ ስለመጣ፣ ነገር ግን ለማኅበራችን ትልቅ ትምህርት አለው ብዬ ስለማምነው ታሪክ ነው።

ከጅቡቲ ባቡር እስከ ዳሞታ ተራራ

ታሪኩ በከተማችን በኩል ያልፋል ብል አልተሳሳትሁም። የምድር ባቡሩ ከዚህ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ እንደደረሰ ታላላቆቻችን ያውቁታል። በዚያ ዘመን ከአውሮፓም ሆነ ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ እንግዳ ዋና መንገዱ በመርከብ እስከ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲም በባቡር ነበር። ዛሬ ፀጥ ብሎ በምናየው በአሮጌው ባቡር ጣቢያ በኩል ስንት ሰውና ስንት ሐሳብ አልፏል!

ሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን፣ በአጭሩ «ኤስ አይ ኤም» የሚባለው ሚስዮን ኢትዮጵያ የገባው በ1920 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1927/28) ነው። መሪው ዶክተር ቶማስ ላምቢ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በወለጋና በአዲስ አበባ በሕክምና ሲያገለግል የቆየ ሰው ነው። በዚያው ዓመት ከጓደኞቹ ጋር በበቅሎ ከአዲስ አበባ ወጡ። አሳባቸው ጅማ ለመድረስ ነበር፤ መንገዱ ግን ወደ ደቡብ ወሰዳቸውና በሆሳዕና፣ በወላይታ ሶዶና በሲዳሞ ሰፈሩ። በሶዶ ኦቶና በሚባለው ቦታ የሕክምና ሥራ ጀመሩ፤ ትምህርትም ያስተምሩ ነበር።

እነርሱ ከመምጣታቸው ጥቂት ዓመታት በፊት ኤሳ ላሌ የሚባል የጋሞ ደጋ ሰው በወላይታና በአካባቢው እየዞረ፣ ለመናፍስት መሠዋትን ተዉ፣ አንዱን ፈጣሪ ብቻ ለምኑ እያለ ያስተምር ነበር። ሽማግሌዎቻችን «መሬቱን ያለሰለሰው እሱ ነው» ይላሉ። ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ከውጭ የመጣ ዘር የሚበቅለው የአገሩ ሰው ባለሰለሰው መሬት ላይ መሆኑን ለማሳየት ነው።

የሆነ ሆኖ ሥራው ቶሎ አላፈራም። በወላይታ የመጀመሪያዎቹ አሥር ሰዎች የተጠመቁት በ1926 ዓ.ም. ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ተሠርቶ አሥር ሰው ማለት ነው።

አርባ ስምንቱ

በ1928 ዓ.ም. የፋሽስት ኢጣልያ ጦር አገራችንን ወረረ። ሶዶ በጣሊያን እጅ ከገባች በኋላ፣ በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ሚስዮናውያኑ በጦር ካሚዮን ተጭነው ከወላይታ እንዲወጡ ተደረገ። ያን ቀን በወላይታ የነበሩት የተጠመቁ አማኞች 48 ብቻ ነበሩ።

እስቲ አስቡት። አርባ ስምንት ሰዎች። አብዛኞቹ ማንበብ አይችሉም። በቋንቋቸው የተዘጋጀላቸው ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥቂት ክፍል ብቻ ነው። ደመወዝ የሚከፍላቸው የለም። ትምህርት ቤታቸው ተዘግቷል። ሚስዮናውያኑ ራሳቸው፣ ተሰናብተው ሲሄዱ፣ ይህች ትንሽ ጉባኤ ትቆያለች ወይ እያሉ ይጨነቁ እንደነበር ጽፈዋል።

አርባ ስምንቱ ምን አደረጉ? በየቤታቸው ተሰበሰቡ። ወንጌሉን በራሳቸው ቋንቋ ለዘመድ፣ ለጎረቤት፣ በገበያም ለሚያገኙት ሰው ነገሩ። ፊደል የቆጠረው ላልቆጠረው አነበበለት፤ የሰማውም በቃሉ ይዞ ወደ ሰፈሩ ሄደ። ሰው ሲበዛ የሳር ክዳን ቤት ሠሩ።

የጣሊያን ሹማምንት ይህን በበጎ አላዩትም። መሪዎቹ ታሰሩ፤ ተገረፉም። ከእነርሱ አንዱ የሁምቦው ዋንዳሮ ዳባሮ ነው። ዋንዳሮ ታስሮ፣ በአደባባይ ተገርፎ፣ ሲፈታም ወደዚያው ሥራው ተመልሷል። በዚያን ዘመን እስረኛ የሚበላው ቤተሰቡ የሚያመጣለትን እንደሆነ የምታውቁት ነው። አማኞቹ ቆጮውንና ጎደሬውን ተሸክመው ወህኒ ቤት ሲሄዱ፣ ለራሳቸው ሰው ብቻ ሳይሆን ጠያቂ ለሌለው እስረኛም ያካፍሉ ነበር ይባላል። ብዙ ሰው «እነዚህ ሰዎች ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?» ብሎ የጠየቀው በስብከታቸው ሳይሆን በዚህ ምግባራቸው ነው።

ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ከወጣ በኋላ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ፣ በወላይታ ወደ 10,000 የሚገመቱ አማኞችና በየተራራው ግርጌ የተሠሩ በመቶ የሚጠጉ የሳር ክዳን አብያተ ክርስቲያናት አገኙ። ሬይመንድ ዴቪስ የተባለው ሚስዮናዊ ይህን ታሪክ በጻፈበት መጽሐፍ ላይ «እሳት በተራሮች ላይ» የሚል ስም የሰጠው ለዚህ ነው።

ከሳር ቤት እስከ ፊደል

አያቴ ቤተ ክርስቲያን እንዴት ይሠራ እንደነበር ስታወራን አትጠግብም ነበር። አንዱ ቤተሰብ ምሰሶ ያመጣል፣ አንዱ ቀርከሃ፣ አንዱ ሳር፣ አንዱ ማሰሪያ። ምንም የሌላት መበለት ጭቃ ታቦካለች። ቤቱ ሲያልቅ «ይህ የእገሌ ነው» የሚባል አልነበረም፤ ሁሉም ምሰሶውን እያሳየ «ይህቺ የእኔ ናት» ይል ነበር። መባውም ብር አልነበረም፤ እህል፣ ቅቤ፣ እንቁላል ነበር። በዚያ መባ የተደገፉ የወላይታ ወንጌላውያን ከነሚስቶቻቸው በእግራቸው ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ ኩጫ፣ ወደ ዳውሮ፣ እስከ አሪ ድረስ ሄደዋል። ቋንቋ ተምረው፣ ከባላገሩ ጋር አርሰውና ቆፍረው ነው የኖሩት።

በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚስዮኖች ድንጋጌ ማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን አዘዘ። በዚህ ምክንያት የገጠር ቤተ ክርስቲያን የፊደል ትምህርት ቤትም ሆነ። እሑድ የሚጸለይበት ቤት በሌላው ቀን «ሀ ሁ ሂ» የሚባልበት ነበር። አያቴ በወላይትኛ ትጸልያለች፣ በአማርኛ ታነባለች። አንዱ ሌላውን አላጠፋባትም።

በወለጋ ደጋም የሆነው ተመሳሳይ ነው። በልጅነቱ በባርነት ተሸጦ ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣው ኦኔሲሞስ ነሲብ፣ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1899 አሳተመ፤ በ1896 ዓ.ም. ወደ ወለጋ ተመልሶም ትምህርት ቤት ከፈተ። ሁለቱም ከቀይ ባሕር ዳርቻ ሆነው ለተራራው ሕዝብ መጽሐፍ ያዘጋጁ ስደተኞች ነበሩ። እኛም ባሕር ዳር የተቀመጥን ሰዎች ይህን ማስታወስ አለብን።

በሩ ሲዘጋ

በደርግ ዘመን ፈተናው ተመልሶ መጣ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተወስደው ተገደሉ። በወላይታና በጋሞም የሚበዙት የቃለ ሕይወት የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ። ያ ዘመን ስንቱን ኢትዮጵያዊ፣ የየትኛውም እምነት ሰው ይሁን፣ በረሃ አቋርጦ ወደ ዲኪልና ወደ አሊ ሳቢህ እንዲሰደድ እንዳደረገው እዚህ ካሉት አንዳንዶቻችሁ በእግራችሁ ታውቁታላችሁ።

የእኛ ሰፈር ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋ እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርሁ። አግዳሚ ወንበሩ ተወሰደ፤ ቤቱም የእህል መጋዘን ሆነ። አያቴ ግን አንድ ነገር አስቀርታ ነበር፤ የምእመናኑ ስም የተጻፈበትን ደብተር። በልብስ ሙዳይዋ ሥር ሸሽጋ ዓመታት አቆየችው። ሰዎቹም በየቤቱ፣ ቡና በማጣጣትና ለቅሶ በመድረስ ሰበብ እየተገናኙ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምሩ ነበር።

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወድቆ ቤቱ ሲከፈት፣ በመጀመሪያው እሑድ ደብተሩ ወጣና ስም ተጠራ። ያለው «አቤት» አለ። የሞተው ሰው ስም ሲጠራ መጀመሪያ ዝምታ ሆነ። ከዚያ አንድ ልጅ ተነሥቶ በአባቱ ፈንታ «አቤት» አለ። ሌላዋም በእናቷ ፈንታ። ደብተሩ ተነቦ እስኪያልቅ መልስ ያጣ ስም ጥቂት ነበር። ያን ቀን ያላለቀሰ ሰው አላስታውስም።

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ፣ ከኢትዮጵያ ሕዝብ 18.6 ከመቶው፣ በዚያን ጊዜ የደቡብ ክልል በሚባለው ደግሞ 55.5 ከመቶው ፕሮቴስታንት ሆኖ ተቆጥሯል። እኔ ግን ይህን ቁጥር ስሰማ የሚታየኝ የዚያ ደብተር ገጽ ነው።

ለእኛ ምን ይነግረናል?

ወገኖቼ፣ ማኅበራችንን የመሠረቱት አባቶችና እናቶች ከመካከላችን እያለፉ ነው። አንዳንዱ ወደ አገሩ ተመለሰ፣ አንዳንዱ ወደ ሌላ አገር ሄደ፣ አንዳንዱንም እዚሁ ቀብረነዋል። የመሠረተው ሲሄድ የተመሠረተው ይቆማል ወይ? ጥያቄው ይህ ነው።

እውነቱን እንነጋገር። የቅዳሜው የፊደል ትምህርት ሲጀመር ሦስት ክፍል ሙሉ ልጅ ነበረው። ዛሬ አንድ ክፍል ነው፤ እሱም አይሞላም። ሌላውን ልወቅስ አልችልም፤ ከወቃሾቹ በፊት የምወቀሰው እኔ ነኝ። «ሥራ አለኝ፣ ሙቀቱ ከባድ ነው፣ ፈረንሳይኛው ይበቃታል» እያልሁ ልጄን ከክፍሉ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። አምና እናቴ ታማ ስልክ ስንደውል፣ ልጄ ከአያቷ ጋር ልታወራ ስልኩን ተቀበለች። በሶማሊኛና በፈረንሳይኛ አንደበቷ የተፈታ ልጅ «ደኅና ነሽ?» ካለች በኋላ የምትጨምረው ቃል አጣች። በወላይትኛም አልቻለች፣ በአማርኛም አልቻለች። እናቴ ወዲያ ማዶ ሆና «ልጄ፣ ትሰሚኛለሽ?» እያለች ትጠብቃለች። ያን ጊዜ የተሰማኝን በቃል ልነግራችሁ አልችልም። እናቴ ያን ደብተር የሸሸገችው የአያቴ ልጅ ናት። የእኔ ልጅ ግን ያ ደብተር ቢሰጣት አታነበውም።

አርባ ስምንቱ ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ሕንፃ አልነበራቸውም፤ ጠባቂ መንግሥትም አልነበራቸውም። የነበራቸው «የእኔ ነው» የሚል ልብ፣ የራሳቸው ቋንቋና ያወቀው ላላወቀው የማስተማር ልማድ ነው። እኛ ደግሞ አዳራሽ አለን፣ ወንበር አለን፣ አየር ማቀዝቀዣም አለን። የጎደለን ምሰሶ የሚያመጣ ሰው ነው።

ስለዚህ በዚህ የኢዮቤልዩ በዓል ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ ልጅ ያለው ሁሉ ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ልጁን ይዞ ይምጣ፤ እኔም የእኔዋን ይዤ እመጣለሁ። ሁለተኛ፣ ማንበብ የሚችል ሁሉ በወር አንድ ቅዳሜ ተራ ይግባና ያስተምር፤ አንዲት መምህርት ብቻዋን ተሸክማው መኖር የለባትም። ሦስተኛ፣ ከቤታችን አማርኛም ይሁን ኦሮምኛ፣ ትግርኛም ይሁን ወላይትኛ፣ የአያት ቋንቋ አይጥፋ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአባቶቻችን ተረት የተነገረው እንደኛ ላለ ማኅበር ነው።

የማኅበራችን የአባላት መዝገብ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ካሉት ስሞች ብዙዎቹ ዛሬ ቢጠሩ መልስ የላቸውም። ልጆቻቸው ግን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል። በሚቀጥለው ኢዮቤልዩ የእኛም ስም ሲጠራ፣ ፊደሉን አንብቦ «አቤት» የሚል ልጅ እንዲኖረን ከዛሬ እንጀምር።

እግዚአብሔር ማኅበራችንን ይባርክ፤ ያስጠጋችንን ይህችን አገርና ሕዝቧን ይባርክ፤ ኢትዮጵያንም በሰላም ይጠብቅልን።