መድኃኒት ሲለወጥ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር)



ኮሚቴው «መምህር፣ ስለ በሽታዎ ለአባላት ጥቂት ቢነግሩን» ብሎ ሲጠይቀኝ በመጀመሪያ አመነታሁ። በሽታን በአደባባይ ማውራት በእኛ አገር አልተለመደም። ነገር ግን አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። እኔም ደብቄ ልሞት ደርሼ ነበርና ብናገር ይሻላል ብዬ መጣሁ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የደም ካንሰር ሕመምተኛ ነኝ። በዚያን ጊዜ በግራ ጎኔ ከጎድን አጥንት በታች አንድ ነገር ያብጥና ይከብደኝ ነበር። ትንሽ እንጀራ ስቀምስ እጠግባለሁ፣ ሌሊት ላብ ያጠምቀኛል፣ ሰውነቴም ከሳ። «ጣፊያ ነው፣ የወባ ነው» ተባለ። ካላዛር ነው ያሉም ነበሩ። አልፈርድባቸውም፤ በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ ካላዛር ገብቶ ስንቱን እንደ ጎዳ የደቡብ ጎንደር ሰው አይረሳውም። በኋላ ግን ደሜ ሲመረመር ነጭ የደም ሕዋሳት ከልክ በላይ በዝተው ተገኙ።

የእኔ ዓይነቱ በዝግታ የሚሄደው፣ ሥር የሰደደ የሚባለው የደም ካንሰር ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ለልጅም አይወረስም። ደም የሚሠራው መቅኒ ውስጥ ነው። እዚያ በ9ኛውና በ22ኛው ክሮሞሶም መካከል ቁራጭ ይለዋወጣል፤ ከዚህም የተነሣ ነጭ ሕዋስ ያለ ማቋረጥ እንዲራባ የሚያዝዝ ብልሹ ትእዛዝ ይፈጠራል። የተበላሸውን ክሮሞሶም በ1960 እ.ኤ.አ. በፊላደልፊያ ከተማ ኖዌልና ሀንገርፎርድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አገኙት። መለዋወጡን ደግሞ በ1973 እ.ኤ.አ. ጃኔት ራውሊ የምትባል ሐኪም ገለጸችው። ያንን ትእዛዝ የሚዘጋው የመጀመሪያው ኪኒን ኢማቲኒብ፣ በንግድ ስሙ ግሊቬክ፣ በ2001 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተፈቀደ። ከዚያ በፊት ብዙው ሕመምተኛ ከጥቂት ዓመታት በላይ አይቆይም ነበር። ዛሬ መድኃኒቱን በሥርዓት የሚውጥና መድኃኒቱም የያዘለት ሰው እንደ ማንኛውም ሰው ዕድሜውን ሊኖር ይችላል።

ይህን የመሰለ ውድ መድኃኒት ድሀው ከየት ያገኘዋል ትሉኝ ይሆናል። ማክስ የሚባል የአርጀንቲና ልጅ በዚሁ በሽታ በ17 ዓመቱ በ1991 እ.ኤ.አ. ሞተ። ቤተ ሰቦቹ በ1997 እ.ኤ.አ. በስሙ ማክስ ፋውንዴሽን የሚባል ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅቱ ከመድኃኒት ፋብሪካዎች ጋር ሆኖ በብዙ አገሮች መድኃኒቱን በነፃ ያደርሳል። በአገራችንም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኩል ብዙ ወገኖች በዚህ እርዳታ ተጠቅመዋል። እንግዲህ ይህ ድርጅት እንደ እድራችን ከለቅሶ ቤት የተወለደ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

በግሊቬክ አምስት ዓመት ያህል ደኅና ኖርኩ። እርግጥ ጣጣ አልጠፋም፤ ጠዋት ጠዋት ዓይኔ ሥር ያብጥ ስለነበር የማያውቀኝ ሰው ጠጥቼ ያደርኩ ይመስለው ነበር። ሌሊት የባቴ ጡንቻ ይኮማተራል። ባዶ ሆድ ከዋጥኩት ያቅለሸልሸኛል። ስለዚህ ከምግብ ጋር፣ በትልቅ ብርጭቆ ውኃ እውጠው ነበር፤ የሐኪሙም ትእዛዝ ይኸው ነው። ይህ ልማድ ሆነብኝ።

በ2012 ዓ.ም. የደም ምርመራዬ በሽታው እንደገና እያንሰራራ መሆኑን አሳየና ሐኪሜ ኒሎቲኒብ ወደሚባል ሌላ መድኃኒት አዛወረኝ። አዲሱ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በ12 ሰዓት ልዩነት፣ በባዶ ሆድ ነው የሚዋጠው። ከመዋጡ 2 ሰዓት በፊትና ከተዋጠ በኋላ 1 ሰዓት ምንም አይበላም። ምግብ ካለ መድኃኒቱ ከልክ በላይ ወደ ደም ይገባና የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። ይህ ሁሉ ተነግሮኛል። እኔ ግን ቤቴ ስገባ እጄ በለመደው ሄደ፤ ከቁርስ ጋር ዋጥኩት። ሳምንት ሳይሞላ ልቤ ይደልቃል፣ ራሴ ይዞራል፣ ቆዳዬ ያሳክከኛል። ሊጠይቁኝ የመጡ ወዳጆቼም አዝነውልኝ «ተወው እባክህ፣ ይኼ ነገር ሊገልህ ነው፤ የፊተኛው ይሻልህ ነበር» አሉኝ። እኔም ተውኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድም ሳልውጥ፣ ለባለቤቴ እንኳን ሳልነግር ቆየሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ በእነዚያ ሦስት ሳምንታት በጣም ተሻለኝ። ማሳከኩ ጠፋ፣ እንቅልፍ መጣ። አታላዩ ነገር ይኸው ነው። ሰውነቴ ዐረፍኩ ሲል በሽታው በሥር እየሠራ ነበር። በቀጠሮዬ ቀን ስመረመር ነጭ የደም ሕዋሳቴ ሽቅብ ወጥተው ተገኙ። ሐኪሙ አልተቆጣኝም። «ለምን አልነገርከኝም? ቢከብድህ እኔ ለጥቂት ቀን አቆመው ነበር፣ መጠኑንም እቀንሰው ነበር፣ ሌላም አለ» አለኝ። አፈርኩ። የልብ ምቴን በመሣሪያ አይቶ፣ አወሳሰዱን እንደገና አስረድቶኝ ጀመርኩ። በወር ከግማሽ ውስጥ ማሳከኩ እየቀለለ ሄደ፤ ይኸው ዛሬ ከፊታችሁ ቆሜያለሁ።

ከዚህ ያገኘሁትን ትምህርት እነሆ።

አንደኛ፣ አዲስ መድኃኒት አዲስ ጠባይ አለው። የፊተኛውን ሥርዓት ለአዲሱ አታውሱት። ዳሳቲኒብ የሚባለውን የሚወስድ ሰው ትንፋሽ ቢያጥረው «ብርድ ነው» ብሎ መተኛት የለበትም፤ መድኃኒቱ በሳንባ ዙሪያ ውኃ ሊያስቋጥር ይችላልና። የጨጓራ መድኃኒትም የዳሳቲኒብን ኃይል ይቀንሰዋል። ስለዚህ ሌላ ኪኒንም ሆነ የባህል መድኃኒት ሐኪም ሳያውቅ አትደርቡ።

ሁለተኛ፣ በራሳችሁ አታቋርጡ። በለንደን 87 ሕመምተኞች ላይ ተደርጎ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ከታዘዘላቸው ከመቶ 90 በላይ የዋጡት ከሞላ ጎደል ሁሉም ጥሩ ውጤት ሲያገኙ፣ ከዚያ በታች ከዋጡት ግን ጥሩ ውጤት ያገኙት ሲሶ አይሞሉም። ከመቶ 90 ማለት እኮ በወር ሦስት ቀን መዝለል ነው! አንድ ጊዜ ቢረሳም በማግስቱ ደርቦ መዋጥ አይገባም።

ሦስተኛ፣ ደብተር ያዙ። እኔ የዋጥኩበትን ሰዓትና የተሰማኝን እጽፋለሁ። ከንጋቱ 11 ሰዓት እውጣለሁ፣ 12 ሰዓት ካለፈ ቁርስ እበላለሁ፤ ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ላይ መብላት አቆማለሁ፣ 11 ሰዓት እውጣለሁ። በጾም ወቅት ጉዳዩን ለነፍስ አባቴ አስረድቼ የጠዋቱን በውኃ እንድውጥ ፈቅደውልኛል። እናንተም ከሐኪማችሁና ከነፍስ አባታችሁ ጋር ተመካከሩ እንጂ መድኃኒቱን በጾም ምክንያት አትተዉ።

አራተኛ፣ ቀጠሮ የማይጠብቅ ነገር አለ። ትኩሳት፣ የማይቆም ደም፣ ራስን መሳት፣ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን ቢጫ መሆን ከታየ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። የወለደች ወይም ልትወልድ ያሰበች ሴትም አስቀድማ ለሐኪሟ ትንገር፤ እነዚህ መድኃኒቶች ጽንስን ይጎዳሉ፣ እየወሰዱም አይጠባም።

በመጨረሻ ለእድራችን የምለው አለኝ። ከመካነ ኢየሱስ ተነሥቶ መድኃኒት ተቀብሎ ለመመለስ የመኪና፣ የአልጋና የምግብ ወጪ አለ። መድኃኒቱ በነፃ ቢሆንም መንገዱ ነፃ አይደለም። መንገድ የሚዘጋበትም ጊዜ ስላለ ከማለቁ ሁለት ሳምንት ቀድሞ መነሣት ያስፈልጋል። በገንዘብ ማጣት ቀጠሮ የሚያልፈው ሰው አይጠፋም። እድራችን ስንሞት ድንኳን ተክሎ፣ ንፍሮ ቀቅሎ በክብር ይቀብረናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ለታመመ አባል ደግሞ በሕይወት ሳለ የመንገድ ብድር የሚሰጥበት ትንሽ ሣጥን ቢኖረን ምን ይመስላችኋል? ያበደረው ይመለስለታል፤ የቀብሩም ወጪ ይዘገያል።

እናንተም በሽተኛ ልትጠይቁ ስትሄዱ «ተወው» አትበሉት። «ለሐኪምህ ነገርከው ወይ?» በሉት። ካልነገረውም አብራችሁት ሂዱ። እኔን ያን ጊዜ የሚያድነኝ ይህች አንዲት ጥያቄ ነበረች።