የዩክሬንን ጦርነት ወሬ ዕለት በዕለት ስለ መከታተል

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያደረገው ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ጦርነት ልናገር መነሣቴ አንዳንዶቻችሁን ቅር ያሰኝ ይሆናል። እኔ ጦር ሜዳ አላየሁም፤ የጦር ስልትም አላውቅም። ነገር ግን የ8ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አንድ ደብተር ጀምሬ ነበርና ዛሬ ልናገር የመጣሁት ስለዚያ ደብተር ነው።

ሩሲያ በዩክሬን ላይ ጦሯን ያዘመተችው የካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም. ንጋት ላይ ነው፤ ይኸውም በአውሮጳውያን አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 መሆኑ ነው። በዚያ ሳምንት ክፍላችን ለሁለት ተከፈለ። ከፊሉ፣ ከዐድዋ ድል በኋላ ቁስለኞቻችንን ለማከም የመጡትን የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ውለታ እየሰማ ያደገ ስለ ሆነ ለሩሲያ አደላ። (አያቴ እስከ ዛሬ ድረስ «መስኮብ» ብለው ነው የሚጠሯት።) ከፊሉ ደግሞ ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ሲወረን ማን ደረሰልን እያለ ለተወረረችው አገር አዘነ። እኔ ከእነዚህኞቹ ነበርሁ። ነገሩም እንደ እግር ኳስ ግጥሚያ ሆነና በየእረፍቱ ጠዋት የተሰማውን ወሬ እየያዝን መሟገት ጀመርን።

ደብተሬን የከፈትሁት ለዚሁ ሙግት ነው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የጻፍሁት ወሬ በጥቁር ባሕር ላይ ስለምትገኘው ስለ እባብ ደሴት ነበር። 13 የድንበር ጠባቂዎች ለሩሲያ የጦር መርከብ እጃችንን አንሰጥም ብለው ሁሉም ሞቱ ተባለ፤ ፕሬዚዳንት ዜሌንስኪም የጀግንነት ማዕርግ እንደሚሰጣቸው አስታወቁ። እኔም በክፍሉ ፊት ቆሜ አነበብሁት። አንዲት ጓደኛችን አለቀሰች። ከአራት ቀን በኋላ ግን የዩክሬን ባሕር ኃይል ራሱ ጠባቂዎቹ ተማርከው በሕይወት መኖራቸውን ገለጠ።

በሰዎቹ መትረፍ መደሰት ሲገባኝ አፈርሁ። የወዲያኛው ወገን ልጆችም «ሙታን አስነሺ» የሚል ስም አወጡልኝ። የጂኦግራፊ መምህራችን ይህን በሰሙ ጊዜ አልተቈጡኝም፤ ደብተሩን ተቀብለው ገጹን በማስመሪያ ለአራት ዓምድ ከፈሉት። በአንደኛው ላይ «ቀን»፣ በሁለተኛው ላይ «የተባለው»፣ በሦስተኛው ላይ «ማን አለው»፣ በአራተኛው ላይ «በኋላ የታወቀው» ብለው ጻፉበት። «አራተኛውን በዚያው ቀን እንዳትሞላው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ በረታ። ለምን ቢባል ሦስተኛው ዓምድ አስቸጋሪ ነው። በየዕለቱ የሚወጣውን መግለጫ ብትመለከቱ የዩክሬን ጦር ስንት የሩሲያ ወታደር እንደ ገደለ ይናገራል፤ የሩሲያ መከላከያ ሚኒስቴርም ስንት የዩክሬን ወታደር እንደ ገደለ ይናገራል። የራሱን ሙት ግን በየቀኑ የሚቈጥር የለም። ሚያዝያ 6 ቀን 2014 ሞስክቫ የተባለችው ትልቅ የጦር መርከብ በጥቁር ባሕር በሰጠመች ጊዜ ዩክሬን በሁለት ሚሳይል መታኋት አለች። ሩሲያ በበኩሏ በመርከቧ ላይ እሳት ተነሥቶ ጥይት ፈነዳ፣ ወደ ወደብ ስትጎተትም በማዕበል ሰጠመች አለች። እኔም ሁለቱንም ጻፍሁና ሁለቱም የተስማሙበትን «ሰጥማለች» የሚለውን ብቻ አሰመርሁበት። በጎኗ የተበሳችበትን የሚያሳይ ፎቶግራፍ የወጣው ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የከበደኝ የማሪዩፖል ቴያትር ቤት ነው። መጋቢት 7 ቀን 2014 ይህ ሕንጻ ሲመታ ቤት ንብረታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች ተጠልለውበት ነበር። ከደጁ መሬት ላይ ከሰማይ እንዲነበብ በትልልቅ የሩሲያኛ ፊደል «ልጆች» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ሩሲያ እኔ አልመታሁም አለች። የሞቱትን ሰዎች የከተማው አስተዳደር ወደ 300 አደረሳቸው፤ አሶሺየትድ ፕሬስ መርምሮ ወደ 600 ይጠጋሉ አለ፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ደግሞ በእርግጥ ያረጋገጥሁት ቢያንስ 12 ነው፣ ቍጥሩ ግን ከዚህ የበለጠ ሳይሆን አይቀርም አለ። እንግዲህ 12ም፣ 300ም፣ 600ም በአንድ መስመር ላይ ተጻፉ። በመጀመሪያ ትልቁን ቍጥር መርጬ ነበር፤ በክርክር ላይ ስለሚጠቅመኝ ነው። ኋላ ግን በራሴ ላይ ስቄ፣ ወይም አዝኜ፣ መልሼ ሰረዝሁት።

ከዚያ በኋላ ጦርነቱ እየረዘመ ሄደና ወሬው ቀዘቀዘ። ባክሙት የምትባል ከጦርነቱ በፊት ወደ 70,000 ሰው ይኖርባት የነበረች ከተማ ከ2014 ክረምት እስከ ግንቦት 2015 ድረስ በደብተሬ ላይ ዕለት ዕለት ትመላለሳለች። «በባክሙት ውጊያ ቀጥሏል»፤ በማግሥቱም ያው። ጓደኞቼ ሰለቹ፤ በእረፍት ጊዜም የሚሟገተኝ ጠፋ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሰልችቼ ለሦስት ሳምንት ያህል አቋርጬ ነበር። መልሼ ስጀምር ስሟ እዚያው ነበረች፤ ከተማይቱ ግን ፍርስራሽ ሆናለች።

እናቴ ይህን ሁሉ ስጽፍ እያየች «ልጄ፣ የሩቅ አገር ለቅሶ ምን ያደርግልሃል?» ትለኝ ነበር። ነሐሴ 10 ቀን 2014 ግን ብሬቭ ኮማንደር የተባለች መርከብ 23,000 ቶን ስንዴ ጭና ከዩክሬን ወደብ ከፒቭዴኒ ተነሣች፤ ስንዴው ለኢትዮጵያ የተላከ የምግብ ርዳታ ነበር። በኩንታል ቢቈጠር 230,000 መሆኑ ነው። ጅቡቲ እስክትደርስ ሁለት ሳምንት ሙሉ «የት ደረሰች?» እያለች የምትጠይቀኝ እናቴ ነበረች።

አንድ ነገር ልጨምር። በሚያዝያ 2014 ሩሲያ ለሚዘምትላት 2,000 ዶላር ትከፍላለች የሚል ወሬ በአዲስ አበባ ተነዛና ብዙ መቶ ወጣቶች በኤምባሲው ደጅ ተሰለፉ። ከጎረቤታችን ልጆች አንዱ፣ እንደ ታላቅ ወንድሜ የማየው፣ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ያጣ፣ ማስረጃዎቹን በፖስታ አድርጎ ማታ ወደ ቤታችን መጣ። «አንተ እኮ ወሬውን ትጽፈዋለህ፤ እውነት ነው?» አለኝ። ደብተሩን ከፈትሁ። በሦስተኛው ዓምድ ላይ «ሰዎች» የሚል ብቻ ነበር። ይህንኑ አሳየሁት። ጥቂት አየና «ሰዎችማ እኛው ነን» ብሎ ሄደ። በማግሥቱ ተሰልፎ ዋለ። ኤምባሲው ወታደር አልመለምልም ማለቱን የሰማሁት በኋላ ነው። እርሱም ፖስታውን እንደ ያዘ ተመለሰ፤ እናቱ ደጃፍ ላይ ቆመው ይጠብቁት ነበር።

ዲሬክተራችን ስለ ፈቀዱልኝ ደብተሩን ዛሬ ለቤተ መጻሕፍታችን አስረክባለሁ። አራተኛው ዓምድ ባዶ የሆነባቸው መስመሮች ብዙ ናቸው፤ የቴያትር ቤቱም አንዱ ነው። በውስጡ እርሳስ አስቀምጫለሁ።