አላህን በየትኛው ስሙ እንጠራዋለን?

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል አዕራፍ 180ኛው አንቀጽ መልካም ስሞች እንዳሉት ነግሮን በነሱ እንድንለምነው አዞናል። 99ኙን ስሞች ጠንቅቆ የያዘ ሰው ጀነት እንደሚገባ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ማስተማራቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። በየቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ዝርዝር ግን በዚህ ዘገባ ውስጥ የለም። በቲርሚዚ ዘገባ የመጣ ሲሆን፣ ብዙ የሐዲስ ሊቃውንት ዝርዝሩን ዘጋቢዎች የጨመሩት ነው ይላሉ። ይህን ያነሳነው ወረቀቱን ለማስወረድ አይደለም። «ጠንቅቆ መያዝ» ማለት ትርጉሙን ማወቅንና በርሱ መለመንን እንደሚጨምር ዑለማዎች አስረድተዋል፤ ይህን ደግሞ ወረቀቱ አይሠራልንም።

ሰው ጌታውን የሚጠራበትን ስም ስንሰማ ጭንቀቱንም ተስፋውንም እንሰማለን።

ኸውላ ቢንት ሠዕለባን (ረ.ዐ) እናስታውስ። ወጣትነቷን የሰጠችው ባሏ አውስ ኢብኑ ሷሚት በስተርጅና እንደ እናቱ ጀርባ እርም ናት አላት፤ የጃሂሊያ ልማድ ነበር። ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥታ አቤት አለች። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) በዚያው ቤት ጥግ ሆነው ከንግግሯ ከፊሉ እንዳልተሰማቸው ተናግረዋል። ጌታዋ ግን ሁሉንም ሰማ። የሱረቱል ሙጃደላን የመጀመሪያ አንቀጽ ብትከፍቱ ስለ መስማት ሦስት ጊዜ ያወሳል፤ ሦስተኛው «ሰሚዕ» የሚለው ስሙ ነው። ጓዳ ገብታ፣ ልጆች እንዳይሰሙ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የምታለቅስ እህት «ያ ሰሚዕ» ስትል ይህን ታሪክ ይዛ ትበል።

በሱረቱ ዩሱፍ ውስጥ ደግሞ አባትና ልጅ ሁለት የተለያዩ ስሞችን ይዘው እናገኛቸዋለን። ያዕቁብ (ዐ.ሰ) አንድ ልጃቸውን ለወንድሞቹ በአደራ ሰጥተው አጥተዋል። እነዚያው ወንድሞች ተመልሰው ታናሹን ስጠን አሏቸው። ዘመኑ የችግር ነው፤ እህል የሚገኘው ከግብጽ ነው። በዚያ ሰዓት አባት የያዙት የአላህን ጠባቂነት ነበር፤ ከጠባቂዎች ሁሉ በላጩ እርሱ መሆኑን ተናገሩ። ይህን ብለው ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ልጆቻቸውን በአላህ ስም ቃል አስገቡ፤ ሁሉም በአንድ በር እንዳይገቡም መከሩ።

ልጃቸውን ወደ ዓረብ አገር የሚሸኙ እናቶቻችን «ያ ሐፊዝ፣ አንተው ጠብቃት» ይላሉ። ዱዓው ትክክለኛ ዱዓ ነው። ውሉ ሳይነበብ፣ ደላላው ሳይጣራ፣ የምትገባበት ቤት አድራሻ ሳይያዝ የሚደረግ ሽኝት ግን የያዕቁብ ተወኩል አይደለም። ሐፊዝን የጠራ ሰው ሰበቡንም ያደርሳል።

ዩሱፍስ (ዐ.ሰ)? ጉድጓድ ተጥለው፣ በርካሽ ተሸጠው፣ በሐሰት ተከሰው፣ ለዓመታት ታስረው፣ በመጨረሻ ወላጆቻቸው ፊታቸው ሲቆሙ ጌታቸውን «ለጢፍ» አሉት። ሰው በማያየው ስውር መንገድ የሚራራ ማለት ነው። በጉድጓዱ ውስጥ ሳሉ ይህን ስም መጥራታቸውን ቁርኣን አልነገረንም፤ የነገረን ሁሉ ካለፈ በኋላ ወደ ኋላ ዞረው ሲያዩ ነው። አንዳንዱ ስም ዘግይቶ ይገባል። ስለዚህ ገና ጉድጓዱ ውስጥ ላለ ወንድማችን «አላህ ለጢፍ ነው» ብለን ነገሩን ዘግተን ከመሄድ፣ መጀመሪያ አብረነው ብንቀመጥ ይሻላል።

ልጆቻችንንም ዐብዱረሕማን፣ ዐብዱልቃዲር፣ ዐብዱረዛቅ እያልን እንሰይማለን። ከስሞች ሁሉ አላህ ዘንድ ተወዳጆቹ ዐብዱላህና ዐብዱረሕማን መሆናቸው በሐዲስ ተነግሯል። ሰፈር ውስጥ ግን «ዐብዱ» ብቻ ይቀራል። አልፎ አልፎም ፊተኛው ተቆርጦ ልጁ «ረዛቅ» ይባላል፤ ይህ መታረም አለበት። ረዛቁ አላህ ነው፣ ልጁ የረዛቁ ባሪያ ነው። እስቲ ዛሬ ማታ ማዕድ ላይ የስሙን ትርጉም እንጠይቀው። ካላወቀ እንንገረው፤ በተወለደበት ሰሞን ቤታችን ምን ጎድሎት እንደነበር፣ ያኔም አላህን በየትኛው ስሙ እንደለመንነው።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።