የርጭት አውሮፕላን ሲነሣ ስለሚያጋጥመው አደጋ

አዝመራን ከአንበጣና ከተባይ ለመጠበቅ መድኃኒት የሚረጨው አውሮፕላን ለገበሬው ታላቅ ረድኤት ቢሆንም፣ አብራሪው ከምድር በሚነሣባት ቅጽበት ምን ያህል ከባድ ፈተና እንደሚገጥመው ዛሬ ልናስረዳችሁ እንወዳለን።

በሐምሌ ወር 1913 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት የመጀመሪያው የአውሮፕላን ርጭት ከተደረገ ወዲህ የሞተሮች ኃይል እጅግ ቢጨምርም፣ የተፈጥሮ ሕግ ግን እንደ ጸና ነው፤ ኤር ትራክተር 802 የተባለው አውሮፕላን 3,000 ሊትር ያህል ፈሳሽ ተሸክሞ ሲነሣ ረጅም መንደርደሪያ ይሻል፤ የእርሻ ሜዳ ግን ብዙ ጊዜ አጭርና ያልተነጠፈ ነው። አየሩ በሙቀትና በከፍታ ሲሣሣ፣ ክንፉን የሚያነሣው ኃይልና የሞተሩ ጉልበት በአንድነት ይደክማሉ፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በሚገኘው በአዲስ አበባው የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። በዚህም ላይ እርጥብ ሣር ጎማውን ከያዘ፣ ወይም ነፋስ ከኋላ ከነፈሰ፣ አውሮፕላኑ በቂ ፍጥነት ሳያገኝ የሜዳው ዳርቻ ይደርስና ከዛፍ ወይም ከአጥር ጋር ይጋጫል።

ስለዚህ አስተዋይ አብራሪ በቀትር ሙቀት ጭነቱን ይቀንሳል፤ በሜዳው ውስጥ አስቀድሞ በወሰነው ነጥብ ላይ ተገቢውን ፍጥነት ካላገኘ መነሣቱን ይተዋል፤ ከተነሣ በኋላም ኃይል ካነሰው የአደጋ ጊዜ መልቀቂያውን ስቦ ፈሳሹን በጥቂት ሴኮንዶች ያፈስሳል። የፈሰሰ መድኃኒት በገንዘብ ይተካልና፣ ርጭቱን የሚያዝዙ ሁሉ አብራሪውን ከአቅም በላይ እንዲጭን ከማስገደድ ይቆጠቡ ዘንድ አደራ እንላለን።