ስለ ፍሬ ዝንብ መራባት ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ



ገበሬ ጠላቱን የሚያሸንፈው በጉልበቱ ብቻ አይደለም፤ የጠላቱን ጠባይ መርምሮ በማወቅ ነው እንጂ። ማንጎው ከውጭ ሲያዩት ያማረ፣ ሲቆርጡት ግን በትል የተሞላ ሆኖ የሚገኘው የፍሬ ዝንብ በሚባል ትንሽ ፍጥረት ምክንያት ነው። ከወገኑም ሁሉ እጅግ የሚያስቸግረው የእስያው የፍሬ ዝንብ ነው። ይህ ዝንብ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2003 ዓመተ ምሕረት በኬንያ ታየ፤ በሚከተለውም ዓመት በኢትዮጵያ ተገኘ።

የመራባቱ ሥርዓት እንዲህ ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ወንዶቹ በዛፍ ቅጠል ላይ ይሰበሰባሉ፤ ክንፋቸውንም እያርገበገቡ ድምፅ ያሰማሉ፤ ሴቲቱን የሚስብ ሽታም ከሰውነታቸው ያወጣሉ። ግንኙነታቸውም ብዙ ሰዓት፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ ንጋት ይቆያል። ወንዱ በአንዳንድ አበባ ውስጥ የሚገኘውን፣ ሜቲል ዩጂኖል የተባለውን መዓዛ እጅግ ይወዳል፤ ይህን የቀመሰውም ካልቀመሰው ይልቅ በሴቶቹ ዘንድ ይመረጣል።

ሴቲቱ በጅራቷ ጫፍ ባለው መርፌ በመሰለ ነገር የፍሬውን ልጣጭ ወግታ ዕንቍላሏን ከውስጥ ታኖራለች። በዕድሜዋም ከ1000 የሚበልጥ ልትጥል ትችላለች። ዕንቍላሉ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ተፈልፍሎ ትል ይሆናል፤ ትሉም የፍሬውን ሥጋ ይበላል፤ ፍሬውም በስብሶ ይወድቃል። ትሉ ባደገ ጊዜ ወጥቶ አፈር ውስጥ ይገባል፤ በዚያም ሽፋን ለብሶ ይተኛል፤ ኋላም ክንፍ አውጥቶ ይነሣል። ስለዚህ ከዛፍ ሥር የወደቀ ፍሬ የሞተ ነገር አይደለም፤ የሚመጣው የዝንብ ትውልድ መኖሪያ ነው እንጂ።

ሊቃውንት ወንዱ መዓዛውን መውደዱን አይተው ወጥመድ አበጁለት። በፓሲፊክ ውቅያኖስ ባለችው በሮታ ደሴት መዓዛውን ከመርዝ ጋራ አድርገው ከአውሮፕላን ስለ በተኑ፣ በ1963 ዝንቡ ከደሴቲቱ ጠፋ። ነገር ግን ሮታ በባሕር የተከበበች ትንሽ ምድር ናት፤ የገበሬ መንደር እንዲህ ያለ አጥር የለውም። አንዱ ወንድ ከብዙ ሴቶች ጋራ ስለሚገናኝ፣ በወጥመድ ብዙዎች ቢሞቱ የቀሩት ጥቂቶች ይበቃሉ፤ አስቀድማ የተገናኘችውም ሴት ዕንቍላል መጣሏን አትተውም። እንግዲህ ወጥመድ ሰቅሎ የወደቀውን ፍሬ የሚተው ሰው በቀዳዳ እንስራ ውኃ እንደሚቀዳ ነው።

የሚገባው ሥራ ይህ ነው፤ የደረሰውን ፍሬ ሳይዘገዩ ማውረድ፤ የወደቀውን ሁሉ ሳያሳድሩ ለቅሞ ከግማሽ ሜትር በሚበልጥ ጉድጓድ መቅበር፤ ወይም በጥቍር የላስቲክ ከረጢት አስሮ ትሉ እስኪሞት በፀሐይ ማኖር። መምህራንም ትል ያለበትን ፍሬ በአፈር ላይ አኑረው፣ የዕቃውን አፍ በስስ ጨርቅ አስረው ቢያቈዩት፣ ልጆች ዝንቡ ከአፈር ሲወጣ በዓይናቸው ያዩታል፤ ያዩትንም ለወላጆቻቸው ይነግራሉ።

ሽማግሌዎችም መንደሩን በአንድ ቃል ያስማሙ። ዝንብ የጎረቤትን ድንበር አያውቅምና፣ አንዱ ቸል ያለው ፍሬ የሌላውን ዓመት ሙሉ ድካም ያጠፋል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለ፣ ዛሬ አንዲት የወደቀች ማንጎ የቀበረ ሰው የነገውን መከር አዳነ።